የመጀመሪያውን የቤት ሲኒማ ድምፅ በአነስተኛ በጀት ለሚመርጡ የወሎ ነዋሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልድያና በአካባቢያቸው ለሳሎናቸው የመጀመሪያውን የፊልም ድምፅ መሣሪያ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ዋጋ አይጠቅሱም፤ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ከጥቂት ወራት በኋላ ገዢን ያሳስታል። በዋጋ ፈንታ ገንዘቡ በምን ላይ ቢውል እንደሚጠቅምና በምን ላይ ቢውል እንደሚባክን ለማሳየት ተሞክሯል።

ከሁሉ አስቀድሞ ምን ላይ መወሰን አለብኝ?

በቤትዎ ውስጥ በአብዛኛው ምን እንደሚታይ ላይ ነው። በየሳሎናችን ቴሌቪዥን የሚከፈተው ለዜና፣ በአማርኛ ለተተረጎሙ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች፣ በዩቲዩብ ለሚለቀቁ የአማርኛ ፊልሞች፣ ለእግር ኳስ፣ እንዲሁም ለመንዙማና ለመዝሙር ነው። የእነዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር የሰው ድምፅ ነው፤ ፍንዳታና የሄሊኮፕተር ጩኸት የሚበዛበት ፊልም የሚታየው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ መሣሪያው ቤቱን ማናወጡ ሳይሆን፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ሲከፈት ንግግሩ ቃል በቃል መሰማቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ይህንን መመዘኛ ይዘው የተጻፉ ናቸው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ከያዙት ከእያንዳንዱ አሥር ብር ስድስቱን ወይም ሰባቱን ለሁለቱ የፊት ስፒከሮችና ለሚያንቀሳቅሳቸው አምፕሊፋየር፣ አንዱን ለስታቢላይዘር፣ አንዱን ደግሞ ለሽቦ፣ ለማስቀመጫ፣ ለምንጣፍና ለመጋረጃ ቢመድቡ መልካም ነው። የቀረው ለወደፊት ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን) ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ መግዣ ይቀመጥ። አብዛኛው ገዢ ይህንን ገልብጦ ያደርገዋል፤ ገንዘቡን በሙሉ በትልቁ ሳጥን ላይ ያፈስና ሽቦውን ከማንኛውም ቦታ ቆራርጦ ያገጣጥማል።

ሳውንድባር፣ ሁለት ስፒከር ወይስ ባለ 5.1 ሆም ቴአትር ይሻለኛል?

በኪራይ ቤት ለሚኖርና በየጊዜው ዕቃ ለሚጭን ሰው ሳውንድባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረጅምና ቀጭን ስፒከር፣ ምቹ ነው፤ አንድ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ካገናኘው ሥራው አለቀ። ይሁን እንጂ በሳውንድባር ስም የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። ለብቻው የተቀመጠ ሰብዉፈር ያለው፣ በመካከሉም ለንግግር ብቻ የተመደበ ስፒከር የተገጠመለት ከሆነ ገንዘቡ የወጣበትን ያህል ይሠራል። በጣም ርካሹ ግን ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ስፒከር የተከተቱበት ሲሆን፣ ከቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ የሚለየው በመጮህ ብቻ ነው።

ባለ 5.1 የሚባለው ሦስት የፊት፣ ሁለት የጎን ስፒከሮችና አንድ ሰብዉፈር ያሉት ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ችግሩ ለሁለት ጥሩ ስፒከሮች የማይበቃ ገንዘብ ለስድስት ሲካፈል ነው። እያንዳንዱ ስፒከር ድምፅ የምታወጣ፣ የቡና ሲኒ አፍ የምታህል ወረቀት ይዞ ይቀርና የሰው ድምፅ ወፍራሙ ክፍል በሙሉ ወደ ሰብዉፈሩ ይላካል፤ ተዋናዩ ሲናገር ግማሹ ድምፅ ከስክሪኑ፣ ግማሹ ከሶፋው ጥግ ይመጣል። የቦታም ጉዳይ አለ። የጎን ስፒከሮች መቀመጥ ያለባቸው ከተመልካቹ ጎንና ትንሽ ወደ ኋላ፣ ፊቱ ከሚያይበት አቅጣጫ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ያህል ዞር ብለው ነው። በእኛ ቤት ግን ሶፋውም ሆነ መጅሊሱ ግድግዳ ተጠግቶ ስለሚዘረጋ ከተመልካቹ ኋላ ቦታ የለም። በዚህ ምክንያት በብዙ ቤቶች አምስቱም ትንንሽ ስፒከሮች ቡፌው ላይ በቴሌቪዥኑ ዙሪያ ተደርድረው ይታያሉ። እንዲህ ከሆነ ለአምስት መክፈል ምንም ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ቤቱ የራሱ ለሆነና ትንሽ ትዕግሥት ላለው ሰው ምክራችን ሁለት ጠንካራ ስፒከር ነው፤ ወይ አምፕሊፋየሩ በውስጣቸው የተሠራላቸውን፣ ወይም ለብቻው ካለ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር ጋር። ሁለቱ በትክክል ከተቀመጡና ተመልካቹ በመካከላቸው ከተቀመጠ ንግግሩ ልክ ከስክሪኑ መሐል የሚወጣ ሆኖ ይሰማል። ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ሰብዉፈር ሲጨመር የቀድሞው አይጣልም። ሁሉም ክፍሉ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ ሆም ቴአትር ግን አንዱ ክፍል ከተበላሸ ቀሪዎቹ ስፒከሮች ሌላ መሣሪያ ላይ አይገጥሙም፤ ሶኬታቸውም ኦማቸውም ለዚያው ዕቃ ብቻ የተሠራ ነው።

ጎማና ማይክሮፎን ያለው፣ መብራቱ የሚንቦገቦግ ትልቅ ባፍል ለፊልም ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁም አሉ። ለሠርግ ድንኳን ይሆናል። ሳሎን ውስጥ ንግግሩን ያፍነዋል።

ሳጥኑ ላይ 5000 ዋት ይላል። ይህ እውነት ነው?

አይደለም። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚባለው ሲሆን፣ ማንም በአንድ ዓይነት መንገድ የማይለካውና አምራቹ እንደፈለገ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ሊፈለግ የሚገባው አርኤምኤስ የሚለው ነው፤ መሣሪያው ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል የሚያመለክት ነው። አርኤምኤስ ካልተጻፈ ዕቃውን ገልብጠው ከኋላው የተለጠፈውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ። እዚያ «220 ቮልት፣ 60 ዋት» የሚል ከሆነ መሣሪያው ከሶኬቱ የሚወስደው ኃይል ይህንን ያህል ነው ማለት ነው። የፍጆታ ቁጥሩ የሚለካው በመካከለኛ አጠቃቀም ስለሆነ ለአፍታ ከዚያ በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ ከ60 ዋት 5000 ዋት የሚያወጣ ዕቃ ግን አልተሠራም።

ዋት ራሱም ገዢዎች የሚሰጡትን ያህል ክብደት አይገባውም። ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ ከፍ የሚለው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮ ልብ የሚለው ትንሽ ልዩነት ነው። ድምፁ ለጆሮ በእጥፍ ጨመረ እንዲባል ኃይሉ አሥር ጊዜ መባዛት አለበት። በአንጻሩ ስፒከሩ ለተሰጠው ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚመልስ የሚያሳየው ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል። ይህ ቁጥር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ይለካል፤ 82 ዴሲቤል የሚል ስፒከር 88 ዴሲቤል የሚለውን ያህል ለመጮህ አራት እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። አራት ሜትር በአራት ሜትር ለሆነ ሳሎን በእያንዳንዱ ስፒከር ከ30 እስከ 50 እውነተኛ ዋት ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል።

ቴሌቪዥኑን ከፍ ባደርገውም ንግግሩ አይሰማኝም፤ ሙዚቃው ሲገባ ደግሞ ጆሮ ይበጥሳል። ለምን?

የቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ስፒከር ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ዞሮ ስለሚገጠም ድምፁ ወደ ተመልካቹ የሚደርሰው ከግድግዳና ከቡፌ ተንጸባርቆ ነው። በተጨማሪም ፊልም ሲሠራ ንግግርና ፍንዳታ መካከል ሰፊ ልዩነት እንዲኖር ተደርጎ ይቀናበራል፤ ለሲኒማ አዳራሽ የታሰበው ልዩነት ለሳሎን ይበዛል። ወደ ፊት የሚያይ ስፒከር መኖሩ ብቻ የችግሩን ግማሽ ይፈታል። ለቀሪው፣ በብዙ ሳውንድባሮችና አምፕሊፋየሮች ላይ «ናይት» ወይም «ዲያሎግ» የሚል ምርጫ ስለሚገኝ እርሱን ይክፈቱ፤ ጩኸቱን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርጋል። ልጆች ተኝተው ለሚያዩ ወላጆችም ከማንኛውም ሌላ ምርጫ ይልቅ ይህ ይጠቅማል።

በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን ምንም ዓይነት መሣሪያ አይረዳም። ኮርኒስ ያለው ቤት ይሻላል፣ ኮርኒስ የሌለው ቤት ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ አለበት፤ ድምፁን ከዝናቡ ጋር ማፎካከር ስፒከር ከማቃጠል በቀር ትርፍ የለውም።

ከዲሽ የሚመጣው ድምፅ ባለ 5.1 ነው?

በሳተላይት የምናያቸው የአማርኛ ጣቢያዎች ድምፅ በአብዛኛው ባለ ሁለት ቻናል ስቴሪዮ ነው፤ የዩቲዩብ የአማርኛ ፊልሞችም እንዲሁ። ባለ ስድስት ስፒከር መሣሪያ ሲገዙ አብዛኛውን ጊዜ የጎኖቹ ዝም ይላሉ፣ ወይም መሣሪያው ሁለቱን ቻናል በስሌት አከፋፍሎ ያዳርሳቸዋል። እውነተኛ 5.1 ድምፅ የሚገኘው ከዲቪዲና ከብሉሬይ፣ ክፍያ ከሚጠይቁ የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎቶች፣ እንዲሁም በፍላሽ ከሚጫኑ አንዳንድ ፋይሎች ነው።

በፍላሽ የሚጫን ፊልም ላይ አንድ የተለመደ እክል አለ፤ ምስሉ ይታያል፣ ድምፁ ግን አይሰማም፣ ስክሪኑም የድምፅ ፎርማቱ አይደገፍም ይላል። ይህ የስፒከር ብልሽት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ፋይሉ የያዘው ዲቲኤስ የሚባለውን ፎርማት ነው፤ ሳምሰንግ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሚሠራቸው ቴሌቪዥኖች ላይ ይህንን ፎርማት አያጫውትም። ፊልም የሚጭንልዎትን ልጅ ዶልቢ ዲጂታል ወይም ኤኤሲ ድምፅ ያለውን እንዲሰጥዎት ቢነግሩት መፍትሔው ያለ ወጪ ይገኛል።

ከቴሌቪዥኑ ጋር በምን ላገናኘው?

ሁለቱም ዕቃዎች ካላቸው ኤአርሲ በሚል ምልክት ባለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ። ይህ ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣ ሲሆን፣ ድምፅን ከቴሌቪዥኑ ወደ መሣሪያው ከመመለሱ ሌላ በአንዱ ሪሞት ሁለቱንም ለማዘዝ ያስችላል። ሌሎቹ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች ድምፁን ስለማይመልሱ ገመዱ የተሰካበትን ቀዳዳ አጥርተው ይመልከቱ። ኤአርሲ ከሌለ ኦፕቲካል የሚባለው የብርሃን ገመድ ስቴሪዮንም ሆነ የተጨመቀ 5.1 ድምፅን ያለ ችግር ያደርሳል። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ሳይነቅሉ ለመሰካት የሚታገሉ አሉ፤ መጀመሪያ እርሷን ያውልቁ።

ብሉቱዝ ለሙዚቃ ይሁን። ለፊልም ድምፁ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ስለሚዘገይ የተዋናዩ ከንፈርና ቃሉ ይለያያሉ፤ በተተረጎመ ድራማ ላይ ከንፈሩ ቀድሞውንም ስለማይገጥም ማንም ልብ አይለውም፣ በአማርኛ ፊልም ላይ ግን ያበሳጫል።

ስፒከሮቹን የት ላስቀምጥ? ክፍሌ 4 በ4 ነው፤ የምንቀመጠውም መጅሊስ ላይ ነው።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ሰፊ መልስ ይገባዋል፤ ያለ ተጨማሪ ወጪ ድምፁን የሚለውጠው አቀማመጡ ነውና።

ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ትዊተር ከተመልካቹ ጆሮ ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባት። ከፍ ባለ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መጅሊስ ላይ ግን ከዚያ በአንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በሚበልጥ ዝቅ ይላል። ቴሌቪዥኑ ለሶፋ በተሠራ ቡፌ ላይ ከፍ ብሎ ከተሰቀለና ስፒከሮቹም ከጎኑ ካሉ፣ መጅሊስ ላይ ያረፈ ሰው የሚሰማው ከራሱ በላይ የሚያልፈውን ድምፅ ነው። ስፒከሮቹን ዝቅ ባለ ማስቀመጫ ላይ ያድርጓቸው፤ ካልተቻለ ከኋላቸው ሥር ትንሽ እንጨት አስገብተው ወደ ታች እንዲያዩ ያዘንብሏቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እርስዎ ከእያንዳንዳቸው ካለዎት ርቀት ጋር ተቀራራቢ ወይም ጥቂት ያነሰ ይሁን፤ ከስፒከሩ ጀርባ እስከ ግድግዳው ደግሞ ከቻሉ 20 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ጥግ ውስጥ የተወሸቀ ስፒከር ይጎረናል። የቡፌ መደርደሪያ ውስጥ በመስታወት ተዘግቶ የተቀመጠም እንዲሁ።

ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነ ክፍል ለወፍራም ድምፅ አስቸጋሪ ነው። በ4 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት የሚተያዩ ግድግዳዎች በ43 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ እርስ በርስ ያስተጋባሉ፤ በ4 በ4 ክፍል ይህ በሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ስለሚሆን ያ አንድ ድምፅ ግድግዳ አጠገብ እጅግ ይጎላል፣ ልክ በክፍሉ መሐል ላይ ደግሞ ይጠፋል። አንዱ እንግዳ ቤዙ በዛ፣ ሌላው የለም የሚልበት ምክንያት ይህ ነው። መጅሊሱን ከግድግዳው ጥቂት ማራቅ፣ ቢያንስ ጭንቅላት በሚያርፍበት በኩል ወፈር ያለ ትራስ መደርደር ይረዳል።

የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ያለው ባዶ ሳሎን ንግግርን ያስተጋባል። እጅዎን አንዴ ያጨብጭቡ፤ ከጭብጨባው በኋላ ሹል የሆነ ርዝራዥ ድምፅ ከሰሙ ስፒከር ከመቀየርዎ በፊት ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ይጨምሩ። እዚህ ላይ መጅሊስ ያለው ቤት ይታደላል፤ ስፖንጁና ትራሱ በሦስት ግድግዳ ዙሪያ ሲዘረጋ ከሱቅ የሚገዛ የድምፅ መምጠጫ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። የጭቃ ግድግዳ ያለው የቆየ ቤትም ከአዲሱ የሴራሚክ ሳሎን በንግግር ጥራት ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ሰብዉፈርስ?

በሁለተኛ ዙር ይገዛል። ሲመጣም ቦታውን ለማግኘት አንድ የታወቀ ዘዴ አለ፤ ሰብዉፈሩን እርስዎ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ያድርጉት፣ ቤዝ ያለበት ነገር ይክፈቱ፣ ከዚያም በግድግዳው ዙሪያ ዝቅ ብለው እየተዘዋወሩ ቤዙ ሳይጎረና ሳይጠፋ እኩል የሚሰማበትን ቦታ ይፈልጉ። ያ ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ይሆናል። ሰው ሳያይዎት ቢያደርጉት ይመረጣል።

በአንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ የሚጋሩ ተከራዮች ባሉበት ሰብዉፈሩን ከጋራው ግድግዳ ያርቁት፤ ከሥሩም ወፈር ያለ ላስቲክ ወይም ስፖንጅ ያድርጉ። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ አያግደውም፤ ለእርስዎ ደስ የሚለው ለጎረቤት የማያባራ ጉምጉምታ ነው።

መብራቱ ይወርዳል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። መሣሪያዬን እንዴት ልጠብቀው?

የሀገራችን መደበኛ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው፤ ማታ ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ ከዚህ በብዙ ዝቅ ይላል። ከኋላው «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ያለው መሣሪያ ይህንን መውረድ ይችለዋል። ከባድ ትራንስፎርመር ያለው የቆየ አምፕሊፋየር ግን ኃይሉ ሲወርድ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ለእርሱ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። የቤት ድምፅ መሣሪያ በተለመደ አጠቃቀም የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ከቴሌቪዥኑ ጋር 1000 ቪኤ ስታቢላይዘር ይበቃዋል። ፍሪጁን በዚያው ላይ አይሰኩ።

ከመውረዱ ይልቅ የሚጎዳው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ያለው ግፊት ነው። መብራት ሲሄድ የዲቫይደሩን ማብሪያ ያጥፉ፤ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይክፈቱ። በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድ ሲበረታ ሶኬቱን መንቀል ብቻ አይበቃም፤ የዲሹም ሽቦ ከሪሲቨሩ ይነቀል። በብዙ ቤት ቴሌቪዥኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ እያለ የሚቃጠለው በዚያ ሽቦ በኩል በሚገባ ኃይል ነው።

ደሴ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ መሣሪያው ላይ ለውጥ ያመጣል?

ጥቂት ያመጣል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችም ከ2000 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ እንዲሠሩ የታሰቡ መሆናቸው በመመሪያቸው ወይም ከኋላቸው ይጻፋል። ይህ ማለት ደሴ ላይ አይሠሩም ማለት አይደለም፤ ሲሠሩ ይታያሉ። አምፕሊፋየሩን ከላይና ከጎን ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት አድርጎ ማስቀመጥና በዳንቴል አለመሸፈን ግን ግድ ነው። የደሴ ብርድ ያታልላል፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ቢሆንም ዳንቴል የለበሰ አምፕሊፋየር ውስጡ ይግላል። ኮምቦልቻ ከፍታዋ ዝቅ ስለሚል በዚህ በኩል ይሻላታል፤ ሙቀቷ ግን ያንኑ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

እህቴ ከዓረብ ሀገር ልትልክልኝ ነው። ምን ልበላት?

የኃይሉን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ እንድትልክልዎት ይንገሯት። ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ 230 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ስለሆነ ከእኛ ጋር ይስማማል። በሳዑዲ ዓረቢያ ግን ፍሪኩዌንሲው 60 ሄርዝ ሲሆን፣ በቀድሞ ቤቶች 127 ቮልትም ያገለግል ነበር። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» የሚል ከሆነ ምንም ሥጋት የለም። «110–127 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ ሶኬት ላይ በተሰካበት ቅጽበት ይቃጠላል። አንዳንዱ ዕቃ ከኋላው ኃይል የሚመረጥበት ትንሽ ማዞሪያ አለው፤ ከመሰካትዎ በፊት 220 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ከሁለቱም አገሮች የሚመጡት ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ መሰኪያ ስላላቸው መለወጫ ያስፈልጋል፤ ጥርሱን በሽቦ ጠምዝዞ መክተት እሳት ያስነሣል።

ከዚያ ሌላ ሳውንድባር ከትላልቅ ስፒከሮች ይልቅ ለመላክ ይቀላል። ክብደትና ካርቶን ሲታሰብ፣ ለተላከ ዕቃ ሳውንድባርን፣ እዚሁ ለሚገዛ ዕቃ ሁለት ስፒከርን እንመርጣለን።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ልፈትነው?

ሻጩ ቤዙን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የጭፈራ ሙዚቃ ያሰማዎታል። በትህትና ቤዝና ትሬብሉን ወደ መካከል እንዲመልስልዎት ይጠይቁ፤ ከዚያም በራስዎ ፍላሽ የያዙትን፣ ቤትዎ ውስጥ ደጋግመው የሰሙትን ነገር ያጫውቱ። ለወሎ ሰው ድቤ ያለበት መንዙማ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አያስፈልገውም። አውራጁ ብቻውን ሲጀምር የሚለው ቃል ሁሉ ያለ ጭጋግ ሊሰማ ይገባል። ተቀባዮቹ ሲገቡ ብዙ ሰዎች መሆናቸው፣ ጭብጨባው ከድቤው ተለይቶ መሰማቱ ትዊተሯ ደህና መሆኗን ያሳያል። ድቤው ሲመታ ደግሞ ምቱ ተጀምሮ ማለቅ አለበት፤ አንዱ ምት ከሚቀጥለው ጋር ተጣብቆ አንድ ረጅም ጉርምርምታ ከሆነ ያ ሰብዉፈር በፊልምም እንዲሁ ያደርጋል። በመጨረሻ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርገው ያዳምጡ። ርካሽ ስፒከር ሲጮህ ጉድለቱን ይደብቃል፣ ዝቅ ሲል ግን ቃላቱ ይዋጡበታል።

ጣሪያ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ዶልቢ አትሞስ ያስፈልገኛል?

በዚህ በጀት አያስፈልግም። ወደ ላይ የሚያዩ ስፒከሮች ድምፁን ከጣሪያው አንጸባርቀው የሚልኩ ስለሆኑ ለጥ ያለ ጠንካራ ጣሪያ ይፈልጋሉ፤ የማዳበሪያ ኮርኒስ ይህንን አይሠራም።

ሽቦ ምን ዓይነት ልግዛ?

ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ፣ ባለ ሁለት ገመድ፣ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ለአንድ ሳሎን ከበቂ በላይ ነው። በሁለቱም ስፒከሮች ላይ ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር መገናኘቱን ያረጋግጡ። አንዱ ከተገለበጠ ስፒከሮቹ እርስ በርስ ስለሚቃረኑ ቤዙ ይጠፋል፣ ንግግሩም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ተበላሸ ተብሎ ከሚመለስ ዕቃ መካከል በዚህ ብቻ የሚመለስ አለ።

ያገለገለ ብገዛ ምን ልመልከት?

በተወሰነ ገንዘብ ጥሩ ስፒከር ለማግኘት ያገለገለ መግዛት ከሁሉ የሚያዋጣ መንገድ ነው፤ ስፒከር እንደ ስልክ በሁለትና በሦስት ዓመት አያረጅም። ሽፋኑን አውልቀው በትልቁ ስፒከር ዙሪያ ያለውን ቀለበት ይንኩት። ስፖንጅ ከሆነ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ይፈረፈራል፤ ላስቲክ ከሆነ ይቆያል። ከዚያም ወረቀቱን በአራት ጣት እኩል ይዘው ቀስ ብለው ይግፉት፤ ውስጡ ሲፋቅ ከተሰማ ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል ተቃጥሏል ወይም ተዛንፏል። ቀኝና ግራውን ለየብቻ ያጫውቱ፣ የድምፅ መጨመሪያውንም ከታች እስከ ላይ ቀስ ብለው ያዙሩ።

የቆየ የዲቪዲ ሆም ቴአትር ሌንሱ ስለማያነብ ብቻ በርካሽ የሚሸጥ ከሆነ ከኋላው ኦክስ ወይም ኦፕቲካል መግቢያ እንዳለው ይመልከቱ፤ ካለው ሲዲ ማንበቡ ለእርስዎ አስፈላጊ አይደለም። ሪሞቱ ከጠፋ ግን ይተዉት። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ የድምፅ መግቢያውንና የየስፒከሩን መጠን የሚመርጡት አብዛኛውን ጊዜ በሪሞቱ ነው።